ሱሪካታን ሥራ ሳይቆም መትከል፦ ለአዳማ ሆቴሎች፣ ክሊኒኮችና ኮሌጆች ዝርዝር መመሪያ

እንደ ሱሪካታ ያለ የኔትወርክ ጥቃትን የሚከላከል ሲስተም ተክለው በሳምንቱ የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። ነገሩ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ያገኘውን ሩል (የትኛው የመረጃ ፍሰት አጠራጣሪ እንደሆነ የሚናገር ደንብ) ሁሉ ያበራል፤ አጠራጣሪውን የሚያቋርጠውን መዝጊያም አብሮ ይጫናል። በማግስቱ የሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪ አይከፍትም፣ ሪሴፕሽን ላይ ኢንተርኔት የለም፣ ሥራ አስኪያጁም «ትናንት ይሠራ ነበር፤ እንደነበረ መልሱልን» ይላሉ። ሲስተሙ የተጫነበት ሳጥን ይነቀላል፤ ኔትወርኩም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ስህተቱ ያለው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ እዩ፣ ቀጥሎ ለዩ፣ በመጨረሻ ዝጉ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ አትዝለሉ።

የምንጠቀመው ኦፒኤንሴንስ በተባለው ነጻ ፋየርዎል (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠር ሲስተም) ውስጥ የሚገኘውን ሱሪካታ ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም። ከ20 እስከ 100 ኮምፒውተር ላለው ድርጅት በቂ ነው። ሱሪካታ በሁለት መንገድ ይሠራል፦ እንደ አይዲኤስ አይቶ ይናገራል፤ እንደ አይፒኤስ አይቶ ይጥላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሴቲንግ ላይ አንዲት ምርጫ ብቻ ናት። ብዙ ሰው ያለጊዜው የሚጫናትም እሷኑ ነው።

## ደረጃ 1፦ ፈቃድ ያዙ፣ ኔትወርኩንም በወረቀት ሣሉ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥራ አስኪያጁ የተፈረመ ደብዳቤ ያዙ። የምትተክሉት ነገር የሰዎችን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ያያል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የኮምፒዩተር መረጃ መጥለፍን በወንጀል ያስጠይቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል ዳታ አያያዝን ይደነግጋል። ደብዳቤው ምን እንደሚታይ፣ ሎጉን (የእንቅስቃሴ መዝገቡን) ማን እንደሚያነብና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ይግለጽ። ለሠራተኞች አሳውቁ። የእንግዳ ዋይፋይ ፓስወርድ በሚሰጥበት ወረቀት ላይም ኔትወርኩ ለደኅንነት ሲባል ክትትል እንደሚደረግበት አንድ መስመር ጨምሩ።

ከዚያ ኔትወርኩን ሣሉ። የሚከተሉት ሳይጎድሉ ይግቡ፦

- ኢንተርኔቱ የሚገባበት ሞደምና የራሱ አይፒ አድራሻ
- ስዊቾች በሙሉ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው ኬብል እንደሚሄድ ጭምር
- አክሰስ ፖይንቶች፤ ሠራተኛ ከቤቱ አምጥቶ የሰካው ካለ እሱም
- የካሜራ መቅጃው ዲቪአር፣ ከውጭ እንዲታይ ሞደሙ ላይ ፖርት (በቁጥር የሚለይ የአገልግሎት በር) ተከፍቶለት ከሆነ ያም
- የሒሳብ ዳታው የተቀመጠበት ኮምፒውተር
- ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ መመዝገቢያ፣ የባንክ ፖስ ማሽን (በሲም ይሠራል ወይስ በዋይፋይ?)

ለእያንዳንዱ አይፒውን፣ ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ)ና ተጠቃሚውን ጻፉ። ይህን የዘለለ ሰው ደረጃ 7 ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ሱሪካታ የሚነግራችሁ «192.168.50.37 አጠራጣሪ ነገር ላከ» ብሎ ነው። ያ አይፒ የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ አለርቱ ከንቱ ነው።

## ደረጃ 2፦ ዕቃውን አዘጋጁ

እስከ 100 ሜጋቢት ለሚደርስ መስመር ባለ አራት ኮር ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ «ሳጥኑ» የምንለው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ በፕሮሰሰሩ ቆጥቡ፤ በኔትወርክ ካርዱ ግን አትቆጥቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርዱ ኢንቴል ይሁን። የመዝጊያው ሞድ ኔትማፕ በተባለ ዘዴ ፓኬቱን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የመረጃ ቁራጭ) ከካርዱ በቀጥታ ስለሚወስድ የካርዱ ድራይቨር ይህን በደንብ መደገፍ አለበት። ርካሽ የሪልቴክ ካርዶች በማየት ሞድ ላይ ችግር ሳያሳዩ ቆይተው መዝጊያው ሲበራ መስመሩን ይጥላሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ ካርድ ጭራሽ አታስቡ። አዳማ ውስጥ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ፖርት ኢንቴል ካርድ ካጣችሁ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ።

በጠቅላላው ሦስት ፖርት (እዚህ የኬብል መሰኪያ ማለት ነው) ያስፈልጋችኋል፦ አንዱ ለሞደሙ (ዋን)፣ አንዱ ለውስጥ ኔትወርክ (ላን)፣ ሦስተኛው ለእናንተ ብቻ። የሦስተኛው ጥቅም ደረጃ 9 ላይ ይታያችኋል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግድ ነው፤ ሞደሙንና ዋናውን ስዊችም በዚያው ዩፒኤስ ላይ ስኩ። ሳጥኑን ሪሴፕሽን ባንኮኒ ሥር አታስቀምጡት። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ፋኑን ቶሎ ያደክመዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሰውም «ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ» ይላል። አየር የሚገባበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ፈልጉ።

## ደረጃ 3፦ ሳጥኑን ትክክለኛ ቦታ ላይ አስገቡ

መስመሩ እንዲህ ይሁን፦ ሞደም፣ ከዚያ ሳጥኑ፣ ከዚያ ዋናው ስዊች፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ። ስታገናኙ እነዚህን ሦስት ነገሮች አረጋግጡ።

ሀ. የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉ። አብዛኛው ሰው ይህን ይረሳል። የሞደሙ ዋይፋይ እንደበራ ከቀረ ከእሱ ጋር የተገናኘ ሁሉ ሳጥኑን ሳይነካ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። የሞደሙ ሌሎች ፖርቶችም ባዶ ይሁኑ፤ ወደ ሳጥኑ ከሚሄደው ኬብል በስተቀር ምንም አይሰካባቸው።

ለ. የአይፒ ግጭት አስወግዱ። ኦፒኤንሴንስ ሲጫን የላን አድራሻው 192.168.1.1 ነው። ብዙ ሞደሞችም ይህንኑ አድራሻ ይጠቀማሉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይባክናል። ገና ሲጫን ላኑን ወደ 192.168.50.1 ቀይሩት።

ሐ. ሳጥኑ የማያየውን እወቁ። አንድ ስዊች ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ መረጃው በሳጥኑ በኩል አያልፍም። ስለዚህ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚዛመት ቫይረስ አይታያችሁም። መፍትሔው ኔትወርኩን መከፋፈል ነው (ደረጃ 5)። ስዊቹ ማኔጅድ (ሴቲንጉ የሚስተካከል) ከሆነ ደግሞ የሁሉንም ትራፊክ ግልባጭ ወደ አንድ ፖርት የሚልክ ሚረር ፖርት አለው፤ በዚያ ማየት ይቻላል። ግልባጩን እያዩ መዝጋት ግን አይቻልም።

## ደረጃ 4፦ ፋየርዎሉን ጫኑ፣ ሱሪካታን ግን ገና አታብሩ

የምትተክሉበትን ቀን ምረጡ። አዳማ ውስጥ ሆቴል ከሆነ ስብሰባና ሥልጠና የሌለበት ቀን ይሁን፤ መቶ ተሳታፊ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ኔትወርክ አይቀየርም።

1. ሲጫን የዲስክ ዓይነት ስትጠየቁ ዜድኤፍኤስ ምረጡ። ድንገተኛ የመብራት መጥፋትን ከሌላው አማራጭ በተሻለ ይቋቋማል።
2. የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» አድርጉ። ይህ ካልተስተካከለ የሎጉ ሰዓት ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም።
3. «ኢንተርፌስስ → ሴቲንግስ» ውስጥ የሃርድዌር ኦፍሎዲንግ አማራጮችን ሁሉ ዲሴብል አድርጉ፦ ቼክሰም፣ ቲኤስኦና ኤልአርኦ። የቪላን ሃርድዌር ፊልተሪንግንም እንዲሁ። ከዚያ ሳጥኑን ሪስታርት አድርጉ። ካርዱ ፓኬቶችን በራሱ እያጣመረ ካሳለፋቸው ሱሪካታ በትክክል ሊያያቸው አይችልም።
4. ሦስተኛውን ፖርት የራሱ አይፒ ስጡት፤ ከእሱ ወደ ሳጥኑ ገጽ መግባት የሚፈቅድ የፋየርዎል ሩልም ጻፉ። ላፕቶፕ ሰክታችሁ መግባት እንደምትችሉ ፈትኑ።
5. «ሲስተም → ኮንፊገሬሽን → ባክአፕስ» ገብታችሁ ሴቲንጉን ፍላሽ ላይ አውርዱ። ከዚህ በኋላም ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት አዲስ ባክአፕ ውሰዱ።

ሳጥኑ እንደ ተራ ፋየርዎል ጥቂት ቀናት ይሥራ። ሁሉም ክፍል ሥራው እንደማይስተጓጎል አረጋግጡ። ችግር ካለ የሱሪካታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

## ደረጃ 5፦ እንግዳውን ከሒሳብ ክፍል ለዩ

የሆቴል እንግዳ ይዞት የሚመጣው ላፕቶፕ ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ከደመወዝ ፋይሉ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ መዋል የለበትም። ክሊኒክም ቢሆን የታካሚ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ከመጠበቂያ ክፍሉ ዋይፋይ መለየት አለበት።

ማኔጅድ ስዊች ካላችሁ በቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ብዙ የተለያዩ ኔትወርኮች በሚከፋፍለው ዘዴ) ቢያንስ አራት ክፍል አውጡ፦ ሒሳብና አስተዳደር፣ ሌሎች ሠራተኞች፣ እንግዳ፣ ካሜራ። ማኔጅድ ስዊች ከሌለ ሳጥኑ ላይ ተጨማሪ ፖርት ጨምሩና ለእንግዳው የራሱን ስዊችና አክሰስ ፖይንት ስጡ። ሩሎቹ አጭር ናቸው፦ እንግዳ ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይውጣ፤ ካሜራ ወደየትም አይውጣ፤ ሠራተኛ ወደ ሒሳብ ክፍል የሚገባው በስም በተጠቀሰ ፖርት ብቻ ይሁን።

የፒችትሪ ዳታ ያለበት ኮምፒውተር ከተጠቃሚዎቹ በተለየ ቪላን ላይ ከሆነ ፖርት 445 (ፋይል ሼር) እንዲሁም ዳታቤዙ የሚጠቀምባቸው 3351 እና 1583 በመካከላቸው ክፍት መሆን አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ፕሮግራሙ ይከፈትና ዳታውን ማግኘት ያቅተዋል፤ ጥፋቱም ወዲያው ሱሪካታ ላይ ይለጠፋል። የሒሳብ ተጠቃሚዎቹንና ዳታውን በአንድ ክፍል አድርጎ ከሌላው መለየት ይቀላል፤ እኔ የምመክረውም ይህንን ነው።

## ደረጃ 6፦ ሱሪካታን በማየት ሞድ አብሩ

ወደ «ሰርቪስስ → ኢንትሩዥን ዲቴክሽን → አድሚኒስትሬሽን» ግቡ። የስሞቹ አቀማመጥ ከቨርዥን ቨርዥን ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

1. «ኢኔብልድ» ላይ ምልክት አድርጉ። «አይፒኤስ ሞድ» ላይ አታድርጉ።
2. ኢንተርፌሱን ላን አድርጉ። ዋንን ከመረጣችሁ የውስጥ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ የውጭ አይፒ ተሸፍነው ስለሚታዩ ጥፋተኛውን መለየት አትችሉም። ከውጭ መጥቶ ላን ላይ የሚታየው ደግሞ ፋየርዎሉ ያሳለፈው ብቻ ስለሆነ ጫጫታው ይቀንሳል።
3. ቪላን የምትጠቀሙ ከሆነ ቪላኖቹን ሳይሆን የተሸከማቸውን ዋናውን ፖርት ምረጡ፤ «ፕሮሚስኩየስ ሞድ»ንም አብሩ።
4. «ሆም ኔትወርክስ» ውስጥ የእናንተን የአይፒ ክልል ብቻ አስገቡ፤ ለምሳሌ 192.168.50.0/24። ነባሩ ዝርዝር ሰፊ ነው፤ የሞደሙንም ክልል እንደ ቤት ይቆጥራል።
5. «ፓተርን ማቸር» ላይ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ሃይፐርስካን ምረጡ።
6. «ዳውንሎድ» ገጽ ላይ ከኢመርጂንግ ትሬትስ ነጻ ሩሎች ውስጥ ማልዌር፣ ኤክስፕሎይት፣ ስካን፣ ቦትሲሲና ድሮፕ የሚባሉትን፣ ከአቢዩዝ ዶት ሲኤች ደግሞ ፊዮዶ ትራከርንና ዩአርኤልሃውስን ምረጡ። አውርዱ።
7. «ስኬጁል» ገጽ ላይ ሩሎቹ በየቀኑ እንዲታደሱ አዙ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሳጥኑ ላይ 04:00 ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ሁሉንም የሩል ዝርዝር አታብሩ። በበዛ ቁጥር ራም ይበላል፤ ከዚያ በላይ ግን ዓይናችሁን ያደክማል። በቀን ሺህ አለርት የሚያይ ሰው በሦስተኛው ቀን ማየት ያቆማል።

ፈትኑት። «ዩዘር ዲፋይንድ» ገጽ ላይ የራሳችሁን አንድ ሩል ጻፉ፦ ምንጩ የመፈተኛ ኮምፒውተራችሁ አይፒ፣ መድረሻው 9.9.9.9 (ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰርቨር)፣ አክሽኑ «አለርት»። አፕላይ አድርጉና ከዚያ ኮምፒውተር ወደ 9.9.9.9 ፒንግ (የመፈተኛ መልእክት) ላኩ። «አለርትስ» ገጽ ላይ ከታየ ሱሪካታ እያየ ነው። ካልታየ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ፈልጉ፦ ኢንተርፌሱ ትክክል ነው? ኮምፒውተሩ በእርግጥ ከሳጥኑ ጀርባ ነው ወይስ በሞደሙ ዋይፋይ? ከኦፍሎዲንጉ ለውጥ በኋላ ሪስታርት ተደርጓል?

## ደረጃ 7፦ ሁለት ሳምንት አንብቡ

የዚህ ሥራ ልቡ እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት የሚያስፈልገው የቅዳሜና እሑድ ስብሰባ፣ የባክአፕ ሰዓት የሚባሉ ነገሮች ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያልፉ ነው።

በየቀኑ ጠዋት አለርቱን ክፈቱና ደብተር ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የሩሉ ሲድ (መለያ) ቁጥር፣ የውስጥ አይፒው፣ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ፣ ውሳኔያችሁ። ውሳኔው ከሦስት አንዱ ነው፦ «እውነተኛ»፣ «የሐሰት»፣ «ገና ልጠይቅ»።

ሰዓቱን አስተካክላችሁ አንብቡ። ሎጉ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ» ካለቻችሁ 14:00 ላይ ፈልጉ። «ከምሽቱ 3 ሰዓት» 21:00 ነው። ይህን ያላሰበ ሰው የተሳሳተ ሰዓት ላይ ፈልጎ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

እንዳበራችሁት የሩል ዝርዝር ልታዩአቸው የምትችሉ አለርቶችና የሚሰጣቸው ፍርድ፦

ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ብዙ አድራሻ፣ ፖርት 445። ይህን አታሳልፉ። እንደ ዋናክራይ ያለ በራሱ የሚዛመት ቫይረስ ምልክት ነው። ዋናክራይ በሜይ 2017 የተሰራጨው ማይክሮሶፍት በማርች 2017 በጠገነው ቀዳዳ ነበር፤ አፕዴት ያልተደረገ ዊንዶውስ 7 ባለበት ቢሮ ሁሉ ያ ቀዳዳ ዛሬም ክፍት ነው። እንዲህ ያለው ቫይረስ የውጭ አድራሻዎችንም ስለሚሞክር በሳጥኑ በኩል ያልፋል፤ በዚያ ትይዙታላችሁ። ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ፦ የፕሪንተር ስካን ወደ ሼር ፎልደር መላክ። እሱ ግን ወደ አንድ አድራሻ ብቻ ነው የሚሄደው።

ኮምፒውተሩ የቦትኔት (በቫይረስ ተይዘው ከሩቅ የሚታዘዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ማዘዣ ከሆነ አይፒ ጋር ሲገናኝ። ከፊዮዶ ወይም ከቦትሲሲ ዝርዝር የመጣ ከሆነና በተመሳሳይ የጊዜ ልዩነት የሚደጋገም ከሆነ እውነተኛ ብላችሁ ያዙት። ብዙ ጊዜ መነሻው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ወይም የዊንዶውስ አክቲቬተር ነው። «ክራኩ ይሠራል» ማለት ሌላ ነገር አልጫነም ማለት አይደለም።

ከውጭ ወደ ካሜራ መቅጃው። ዲቪአሩ ከስልክ እንዲታይ ፖርት ተከፍቶለት ከሆነ ቀንና ሌሊት የሚሞክረው አታጡም። በ2016 የታየው ሚራይ የተሰኘው ቦትኔት የተገነባው ፋብሪካ የሰጣቸው ፓስወርድ ባልተቀየረላቸው ካሜራዎችና ራውተሮች ነው። አለርቱን አትዝጉት፤ የተከፈተውን ፖርት ዝጉት። ባለቤቱ ካሜራውን ከቤት ማየት ከፈለጉ ኦፒኤንሴንስ ላይ ቪፒኤን (የተመሠጠረ የግል መስመር) ሥሩላቸው።

ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር (ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞች)። ጠይቁ። የሒሳብ ሶፍትዌር ጥገና የሚሰጠው ሰው ከሆነ ከየትኛው ኮምፒውተርና መቼ እንደሚገባ መዝግቡ። ማንም የማያውቀው ከሆነ ወደ ደረጃ 10 ሂዱ።

ስለ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም አገልግሎት) ጥያቄ የሚናገሩ አለርቶች። ዶት ቶፕ እና መሰል አድራሻ ጠየቀ የሚሉት አብዛኞቹ የማስታወቂያ ናቸው። አንድ ጊዜ ከሆነ እለፉት፤ አንድ ኮምፒውተር ሌሊት ማንም በሌለበት ሲደጋግመው ግን መርምሩ።

አብዛኛው ትራፊክ ዛሬ የተመሠጠረ ስለሆነ ሱሪካታ የገጹን ይዘት አያይም። የሚያየው መድረሻ አይፒውን፣ የዲኤንኤስ ጥያቄውን፣ በአብዛኛው የድረ ገጹን ስምና የሰርተፊኬቱን መረጃ ነው። ለብዙ ቫይረስ ይህ በቂ ነው። በተመሠጠረ መስመር የሚወርድ ፋይል ውስጥ ያለውን ቫይረስ ግን አይዝም፤ ስለዚህ በየኮምፒውተሩ ላይ ያለው አንቲቫይረስ አይጥፋ።

የሐሰት አለርት ሲገጥማችሁ ሩሉን ወዲያው ለሁሉም አታጥፉ። ችግሩ የአንድ ኮምፒውተር ከሆነ «ዩዘር ዲፋይንድ» ላይ ምንጩንም መድረሻውንም ሞልታችሁ «ፓስ» የሚል ሩል ጻፉ። መድረሻውን ባዶ ከተዋችሁት ያንን ኮምፒውተር ከክትትል ሙሉ በሙሉ አወጣችሁት ማለት ነው። ሩሉ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ በሐሰት የሚጮህ ከሆነ ብቻ ከሩል ዝርዝሩ አጥፉት፤ ደብተሩ ላይም ለምን እንዳጠፋችሁት ጻፉ።

## ደረጃ 8፦ ጥቂት በጥቂት ዝጉ

የሐሰት አለርቱ ሲቀንስ ወደዚህ እለፉ። ባክአፕ ውሰዱ።

መጀመሪያ ሞዱን ብቻ ቀይሩ። «አይፒኤስ ሞድ» ላይ ምልክት አድርጉና አፕላይ በሉ፤ አንድም ሩል ግን ወደ «ድሮፕ» («ጣል» ወደሚለው አክሽን) አትቀይሩ። በዚህ ሁኔታ ሱሪካታ መንገዱ መሐል ይገባል እንጂ እናንተ ያላዘዛችሁትን አይጥልም። ሦስት ቀን እንዲህ ይሥራ። መስመሩ ከተቆራረጠ ጥፋቱ የካርዱ ወይም የድራይቨሩ ነው፤ የሩል አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ችግሩ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል።

ከዚያ የ9.9.9.9 መፈተኛ ሩላችሁን ወደ «ድሮፕ» ቀይሩ። ፒንጉ ካቆመ መዝጋት ይችላል። ሩሉን ሰርዙት።

አሁን «ፖሊሲ» ገጽ ላይ በዙር በዙር ዝጉ። በዙሮቹ መካከል ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ይለፍ።

1. የአይፒ ዝርዝሮቹ፦ ፊዮዶ፣ ቦትሲሲና ድሮፕ የተባለው ዝርዝር። የሐሰት አለርታቸው አነስተኛ ነው።
2. ማልዌር።
3. ኤክስፕሎይት፤ ከዚህ ውስጥም ደብተራችሁ ላይ «የሐሰት» ያላችኋቸውን ሲዶች በ«አለርት» ትታችሁ።

ስካንን በአለርት ተዉት። ፖሊሲ፣ ኢንፎና ጌምስ የሚባሉትን የሩል ዝርዝሮች በፍጹም ወደ ድሮፕ አትቀይሩ። እነሱ የሚያመለክቱት የአጠቃቀም ሁኔታን እንጂ ጥቃትን አይደለም። ሠራተኛ ቲክቶክ እንዳያይ መከልከል ከተፈለገ በዲኤንኤስ ይከልከል፤ የጥቃት መከላከያውን ለዚያ አታውሉት።

እያንዳንዱን ዙር ጠዋት ጀምሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትንኩት።

## ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

«አንድ ነገር አይከፍትልኝም» ሲባል። አለርት ገጹ ላይ የዚያን ሰው አይፒ ፈልጉ። «ብሎክድ» የሚል ካለ ሲዱን ወደ አለርት መልሱና ደግሞ እንዲሞክር ጠይቁት። ከሌለ ችግሩ የሱሪካታ አይደለም፤ የፋየርዎል ሎጉን እዩ።

ሁሉም ሰው ሲቋረጥ። በሦስተኛው ፖርት ላፕቶፕ ሰክታችሁ ግቡ። ሱሪካታ ያንን ፖርት ስለማይጠብቅ ላኑ ቢዘጋም እናንተ አትዘጉም። «አይፒኤስ ሞድ»ን አንሱ፣ አፕላይ አድርጉ። ከተመለሰ ኦፍሎዲንጉን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ትክክል ከሆነ ካርዱን ተጠራጠሩ።

ገጹም ካልከፈተ። ሞኒተርና ኪቦርድ ሳጥኑ ላይ ስኩ። ከሚመጣው ዝርዝር 13 ቁጥር ያለፈ ባክአፕ ይመልሳል፤ 6 ቁጥር ሪስታርት ያደርጋል።

ሳጥኑ ራሱ ከሞተ። ለዚህ የተዘጋጀ ተራ ራውተር የላኑን አድራሻ 192.168.50.1 አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሳጥኑን አውጥታችሁ እሱን በቦታው ስኩት። ቪላን የምትጠቀሙ ከሆነ የሒሳብ ክፍሉን ብቻ በእሱ አገናኙና እንግዳውን እስኪጠገን አቁሙ። ስዊቹን በቀጥታ ሞደሙ ላይ መሰካት ሁሉንም መልሶ ያደባልቀዋል። ይህን አሠራር በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ እናንተ ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ሪሴፕሽን ያለው ሰው ሊያነበው ይገባል።

ፍጥነቱ ከቀነሰ። ዳሽቦርዱ ላይ የፕሮሰሰሩን ጭነት እዩ። አንዱ ኮር ሁልጊዜ ሞልቶ ከሆነ የሩል ዝርዝር ቀንሱ። ሙቀቱንም አትርሱ።

## ደረጃ 10፦ እውነተኛ አለርት ሲመጣ

1. የኮምፒውተሩን ኔትወርክ ኬብል ንቀሉ። ዋይፋይ ከሆነ አጥፉት። ኮምፒውተሩን አታጥፉት፤ ሲጠፋ ሚሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።
2. የአለርቱን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ሎጉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ያ ፍላሽ የተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ አይሰካ።
3. በዚያው ሲድ ሌላ ኮምፒውተር ታይቶ እንደሆነ ፈልጉ። ካለ እሱንም አውጡ።
4. የባክአፕ ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶ ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) መጀመሪያ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ባክአፕ ነው።
5. ተጠቃሚውን ሳታስፈራሩ ጠይቁ፦ ምን አወረድክ? የማን ፍላሽ ሰካህ? የትኛውን ኢሜይል ከፈትክ? የተቆጣ ባለሙያ እውነቱን አይሰማም፤ ቀጣዩ ሰውም ይደብቃል።
6. በዚያ ኮምፒውተር የተከፈቱ አካውንቶችን ፓስወርድ ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ቀይሩ፤ ከኢሜይልና ከባንክ ጀምሩ። የባንክ አካውንት ተከፍቶበት ከነበረ ለባንኩ በዚያው ሰዓት ደውሉ።
7. ጉዳት ከደረሰ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ለፖሊስም አሳውቁ። ማስረጃ የሚያስፈልጋቸው እንደሆነ ዊንዶውሱን ከመሰረዛችሁ በፊት ጠይቁ።
8. ዊንዶውሱን ከባዶ ጫኑ። አንቲቫይረስ «ጸዳ» ስላለ ብቻ አትመልሱት። የዳታ ፋይሎቹን ስካን አድርጋችሁ መልሱ፤ ክራክ የተደረገውን ሶፍትዌር አትመልሱ።
9. ኮምፒውተሩን መጀመሪያ በእንግዳው ክፍል አገናኙት። ሦስት ቀን በአይፒው እየፈለጋችሁ አለርቱን ተመልከቱ። ዝም ካለ ወደ ቦታው መልሱት፣ ደብተሩ ላይም የተመለሰበትን ቀን ጻፉ።